ጥያቄና መልስ፦ ሰርዲኑ ባልዲ ውስጥ ለምን ይሞታል?

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ጂቡቲ የምመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ጭነት እስኪደርሰኝ አንዳንድ ጊዜ አራትና አምስት ቀን ስለምቆም፣ እዚያ የሚኖር ወዳጄ ካያክ የምትባለውን፣ አንድ ሰው በመቅዘፊያ የሚነዳትን ጠባብ ጀልባ እያዋሰኝ ዓሣ ማጥመድ ለምጃለሁ። ትልልቁ ዓሣ የሚያዘው ሕያው ትንሽ ዓሣ መንጠቆ ላይ ሲደረግለት ነው ብለው ስለመከሩኝ ሃያ ያህል ሰርዲን በባልዲ ይዤ ወጣሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። የተረፈችውን አንዲት ጀርባዋን ወግቼ ከኋላዬ እየጎተትኳት ብቀዝፍ እንደ እንዝርት ስትሾር ቆይታ ሞተች። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ጥያቄዎን ሳነብ የራሴ ባልዲ ትዝ አለኝ፤ እኔም ጂቡቲ ባለው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን በአንድ ባልዲ ሃያ አምስት አጭቄ፣ ከዳርቻው ብዙም ሳልርቅ የሬሳ ባለቤት ሆኛለሁ። ሁለቱም ጥፋቶች ከትንፋሽ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ የሐይቅ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ 30 ዲግሪ የደረሰ የባሕር ውኃ ግን ከ6 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። ሰርዲን ደግሞ ዕረፍት የማያውቅ ዋናተኛ ስለሆነ ያችን ጥቂት አየር በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳታል፤ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ባልዲም ከባሕሩ ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ በአንድ ባልዲ ከአምስትና ከስድስት በላይ አይያዙ፤ ውኃውን በየአሥር ደቂቃው ከባሕሩ እየቀዱ ይለውጡ፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካገኙም ይግዙ። ውኃ ሞልተው ያቀዘቀዙትን፣ ክዳኑ የጠበቀ ሃይላንድ ባልዲው ውስጥ ጣል ማድረግም ይረዳል፤ በረዶውን በቀጥታ መጨመር ግን ጨውን ያቀጥናል። ማዕዘን ያለው ዕቃ ዓሣው ጥግ ላይ ተወትፎ አፍንጫውን እንዲያቆስል ስለሚያደርግ ክብ ዕቃ ይመረጣል። ዓሣውን ሲይዙ እጅዎን አስቀድመው ያርጥቡ፤ ደረቅ መዳፍ ቅርፊቱንና የሚያሟልጨውን ልባሱን ይገፈዋል።

ለካያክ ከባልዲ የሚሻለው ግን ቱቦ ነው። ወፈር ያለ የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ክንድ በሚያህል ቁመት ተቆርጦ፣ ዙሪያውን ተበሳስቶ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ተከድነው በገመድ ከጀልባዋ ጎን ይታሰራል። ሲቀዝፉ ውኃው በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ስለሚወጣ ዓሣዎቹ ያለ ፓምፕ ይተነፍሳሉ። ኮምቦልቻ ውስጥ ማንኛውም የቧንቧ ሠራተኛ በአንድ ከሰዓት ይሠራልዎታል።

አሁን ወደ እንዝርቷ እንምጣ። ዓሣ የሚተነፍሰው ውኃ በአፉ አስገብቶ በስንጥቡ በኩል ሲያወጣ ነው። ጀርባውን ተወግቶ ሲጎተት ውኃው በጎን ስለሚመታው ይሾራል፣ ትንፋሽም ያጥረዋል። እየቀዘፉ የሚያጠምዱ ከሆነ መንጠቆውን በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች በኩል ያሳልፉት፤ በዝግታ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ይበቃል። መቅዘፉን ትተው ጀልባዋ እንደ ነፋሱ ስትንሳፈፍ ግን ከጀርባ ክንፉ ፊት ለፊት፣ አከርካሪውን ሳይነኩ፣ ከቆዳው ሥር ብቻ መውጋት ይቻላል። ጫፉ ወደ ግንዱ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ቢመርጡ የተያዘው ዓሣ ብዙውን ጊዜ በአፉ ጥግ ላይ ስለሚሰካ መልቀቅ ቢፈልጉም ብዙም አይጎዳም፤ ዘንግዎን ግን ድንገት አይንጠቁ፣ ክሩን በዝግታ ይጠቅልሉ እንጂ። እንደ ባራኩዳና ማኬሬል ያሉት ባለ ስለታም ጥርሶች የሰርዲኑን ጭራ ብቻ ቆርጠው ስለሚሄዱ ከመንጠቆው በላይ አንድ ስንዝር ቀጭን ሽቦ፣ ወደ ጭራው አካባቢም ሁለተኛ ትንሽ መንጠቆ ይጨምሩ።

አልጠየቁኝም እንጂ ከዓሣው ይልቅ የሚያሳስበኝ እርስዎ ነዎት። ትልቅ ዓሣ ካያክን መጎተቱ ጉዳት የለውም፤ ጀልባዋ ራሷ ስለምታደክመው እንዲያውም ይጠቅማል። የሚገለብጠው በጎን ሲጎትት ነውና ዘንጉን ወደ ጀልባዋ አፍንጫ አቅጣጫ ይያዙ፤ ክሩን በእጅዎ ላይ በፍጹም አይጠቅልሉ፤ ቢላዋ ከአጠገብዎ አይለይ። ላይፍ ጃኬት ሳይለብሱ፣ ወይም ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ ባለበት ሰዓት አይውጡ። በቅዝቃዜው ወራት ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጣውን ዌል ሻርክ የሚባል ግዙፍ ዓሣ ካዩ ደግሞ ክርዎን ሰብስበው ያሳልፉት፤ የሚመገበው ጥቃቅን ነፍሳትን ስለሆነ ሰው አይበላም።

ጥያቄ፦ ደሴ ነዋሪ ነኝ። ይኸው ዘዴ ሐይቅ ከተማ ያለው ሐይቅ ላይ ይሠራል?

መልስ፦ ለቆሮሶ አይሠራም፤ ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ በል ነውና ሰርዲን ቢያቀርቡለት ዞር ብሎም አያየው። አምባዛ ግን ዓሣም ትልም ስለሚበላ በትል ይያዛል፣ ባልዲ መሸከም አያስፈልግም። ከሌላ ወንዝ ወይም ኩሬ ሕያው ዓሣ አምጥተው ሐይቁ ውስጥ እንዳይጨምሩ ግን አደራ እላለሁ፤ ቆሮሶ ራሱ እዚያ የገባው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ በሰው እጅ ነው፣ ቀጥሎ የሚገባው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። የኮምቦልቻው ጠያቂያችን ግን ወደ ሐይቅ ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ካያክ ሲገለበጥ ተመልሶ ላዩ ላይ መውጣትን፣ ወዳጅ ዳር ላይ ቆሞ እያያቸው፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ አምስት ስድስት ጊዜ ይለማመዱት።