ፒንግ እየሠራ ቢጂፒ በየሦስት ደቂቃው ሲወድቅ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ እንደገባኝ ይሄ ነው፦ አዳማ ያለው የቅርንጫፋችሁ ራውተር አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ጋር በጂአርኢ ተነል (በሌላ ኔትወርክ ላይ በተዘረጋ ምናባዊ መስመር) ቢጂፒ (ራውተሮች መንገድ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) ይነሳል፣ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሳል። ያንቺ ሎግ «ኖቲፊኬሽን ሴንት፣ 4/0፣ ሆልድ ታይም ኤክስፓየርድ» ይላል። ፒንጉ (ወዲያ መድረስ አለመድረሱን የሚፈትነው መልእክት) ግን ሰላም ነው።

ከላይ «መብራት ነው» ያላችሁ፣ አይመስለኝም። አዳማ ላይ ሁሉን በመብራት ማሳበብ ለምዶብናል፤ መብራት ግን ሰዓት ቆጥሮ አይሄድም። ሦስት ደቂቃው ሲስኮ ላይ ሳይነካ የሚገኘው ሆልድ ታይም (ራውተሩ ከወዲያ ምንም ሳይሰማ የሚጠብቀው ጊዜ) ነው፣ 180 ሰከንድ።

አሁን አቅጣጫውን እዪ። ኖቲፊኬሽኑን (ግንኙነቱን የሚዘጋውን የስህተት መልእክት) የላከው ያንቺ ራውተር ነው። ማለትም ከወዲያ ድምፅ የጠፋበት እሱ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚመጣው ነው መንገድ ላይ የሚቀረው። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኤምቲዩን (መስመሩ በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን) ነው። ሴሽኑ (የቢጂፒ ግንኙነቱ) የሚከፈተው በትንንሽ መልእክት ስለሆነ ያልፋል። ቀጥሎ ዋናው መሥሪያ ቤት ሩቶቹን ሞልቶ ትልቅ አፕዴት ይልካል፣ እሱ አያልፍም። ኪፕአላይቩም («አለሁ» የሚለው መልእክት) በዚያው የቲሲፒ ግንኙነት ስለሚሄድ ወረፋ ይይዛል። ጠባብ መንገድ ላይ ተሳቢ ሲቆም ከኋላው ያለው ባጃጅም ይቆማል። ወዲያ ያሉትን ሾው ቢጂፒ ሰመሪ እንዲያዩ ጠይቂያቸው፤ ያንቺ መስመር ላይ አውትኪው (ለመላክ ወረፋ የያዘው መልእክት ብዛት) ዜሮ አልሆን ብሎ ከቆየ ነገሩ ይኸው ነው።

የሲስኮ ፒንግ ካልነገርሽው 100 ባይት ነው፣ ስለዚህ ማለፉ ምንም አያሳይም። ዲኤፍ ቢት («አትቆራርጠው» የሚለውን ምልክት) አድርገሽ በ1476፣ ከዚያ በ1400 ሞክሪ። ሁለተኛው ብቻ ካለፈ፣ በሁለቱም ወገን ተነሉ ላይ አይፒ ኤምቲዩ 1400 አድርጉና ሴሽኑን ክሊር አድርጉት (ዘግታችሁ እንደ አዲስ ክፈቱት)። ክሊር ካልተደረገ የድሮውን መጠን ይዞ ይቀጥላል።

ሆልድ ታይሙን አስረዝሚው የሚለውን ምክር አትስሚ። ያው ይወድቃል፣ ዘግይቶ።

ኮዱ ሌላ ቢሆን መልሴም ሌላ ነበር። 2/2 ከሆነ የኤኤስ ቁጥር (በቢጂፒ የኔትወርኩ መለያ ቁጥር) ተሳስቷል። 6/1 ከሆነ የሩት ብዛት ከገደቡ አልፏል።

በዚህ ካልተስተካከለ የሁለቱንም ወገን ሎግና ኮንፊግ ለጥፊልን፤ ፓስዎርዱን ግን አጥፊው።