ኦፕን ሶርስ ኮዴክ የፓተንት ፈቃድንም ይጨምራል?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የሰርግ ቪዲዮ የሚቆርጥና መጠኑን የሚቀንስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቼ እየሸጥኩ ነው፤ ኮዱን ለማንም አልሰጥም። በውስጡ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ኤፍኤፍኤምፔግና ቪዲዮ የሚጨምቀው ኮዴክ ኤክስ264 አሉ። ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት) ስለሆኑ ክፍያ የለባቸውም ተብያለሁ። እውነት ነው? ወይስ ኤቪ1 ወደሚባለው ሌላ የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ልቀይር?

መልስ፦ የተነገረዎት ግማሽ እውነት ነው። የኦፕን ሶርስ ፈቃድ ኮዱን የጻፉት ሰዎች ከቅጂ መብታቸው ላይ የሚሰጡት ነው። ኤክስ264 የሚጠቀምበት የኤች.264 ቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ግን የብዙ ኩባንያዎች ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አለበት፤ ደራሲዎቹ የሌላውን ሰው ፓተንት ሊፈቅዱልዎ አይችሉም።

የሚያስቸኩለው የቅጂ መብቱ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ በመሠረቱ ኤልጂፒኤል በተባለ ላላ ያለ የኦፕን ሶርስ ፈቃድ የሚሰራጭ ሲሆን ከኤክስ264 ጋር ሲገነባ ግን በሙሉ ወደ ጂፒኤል፣ አብሮት የሚሸጠው ፕሮግራም ኮዱን እንዲገልጥ ወደሚያስገድደው ፈቃድ፣ ይዞራል። ከዚህ ጋር የተያያዘን ፕሮግራም ኮዱን ደብቆ መሸጥ ፈቃዱን መጣስ ነው (መሸጡ ብቻውን አይከለከልም)። ወይ ኮድዎን በጂፒኤል ይልቀቁ፣ ወይ የኤክስ264ን የንግድ ፈቃድ ይግዙ። የንግድ ፈቃዱም ቢሆን ፓተንቱን አይሸፍንም።

ፓተንቱን በጋራ የሚያስፈቅደው ቪያ ኤልኤ፣ የቀድሞው ኤምፔግ ኤልኤ፣ በዓመት ለመጀመሪያዎቹ 100,000 ቅጂዎች አያስከፍልም። ሰዎች የሚዘነጉት ውሉን ነው፤ ካልፈረሙ ፈቃድ የለዎትም።

ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ኦፕንኤች264 የሚባለውን የራሱን የኤች.264 ኮዴክ የፓተንት ክፍያ ራሱ ይሸፍናል፤ ሆኖም ይህ የሚሠራው ሲስኮ ገንብቶ ባቀረበው ፋይል ላይ ብቻ ነው። ፋይሉ በደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ለብቻው መውረድ አለበት። ኮዱን ወስደው ራስዎ ከገነቡት ወይም ከፕሮግራምዎ ጋር ካሸጉት ሽፋኑ ይቀራል። በጥራትም ቢ-ፍሬም (ከፊቱና ከኋላው ካሉ ምስሎች የሚገመት ምስል) ስለማይሠራ በተመሳሳይ የፋይል መጠን ከኤክስ264 ያንሳል።

ለእርስዎ ሥራ እኔ ኤቪ1ን እመርጣለሁ። ኤቪ1ን ያወጣው የኩባንያዎች ኅብረት፣ የአላያንስ ፎር ኦፕን ሚዲያ፣ አባላት ፓተንታቸውን ያለ ክፍያ ፈቅደዋል፤ በኤቪ1 ምክንያት ፓተንት ተጥሷል ብሎ የሚከስ ግን ፈቃዱን ያጣል። ፓተንት የሚያስፈቅደው ሲስቬል የተባለ ኩባንያ ከአባላቱ ውጭ ያሉ ባለፓተንቶችን አሰባስቦ ስክሪን ባለው መሣሪያ 0.32 ዩሮ ተመን አውጥቷል፤ በኤቪ1 በተቀረጸው (በተጨመቀው) ቪዲዮ ላይ ግን ክፍያ አልጣለም። ስለዚህ ስጋቱ ዜሮ ባይሆንም ከኤች.264 ይቀላል።

ለመቅረጽ ኤስቪቲ-ኤቪ1 የተባለውን የኤቪ1 መጭመቂያ ሶፍትዌር ይውሰዱ፤ ፈቃዱ ኮድዎን እንዲገልጡ አያስገድድም። የኤክስ264ን ሲአርኤፍ (የጥራት ቁጥር፤ ሲጨምር ፋይሉ ያንሳል) 23 እንዳለ አያስተላልፉ፤ የዚያኛው መለኪያ እስከ 51፣ የዚህኛው ከዚያ በላይ ስለሚሄድ ፋይሉ ያለ ምክንያት ይገዝፋል። ከ35 ጀምረው በዓይን እያዩ ያስተካክሉ። ከአይፎን 15 ፕሮ በፊት የወጡ አይፎኖች የኤቪ1 መፍቻ ቺፕ እንደሌላቸው ለደንበኞችዎ ይንገሩ። ኤኤሲ የተባለው የድምፅ መጭመቂያም የራሱ የፓተንት ፈቃድ ስላለው ኦፐስ በተባለው ሌላ የድምፅ መጭመቂያ ይተኩት።

አሁን የሚያሰራጩትን ኤፍኤፍኤምፔግ ስሪቱን እንዲያሳይ ይዘዙት። ከሚያወጣው የግንባታ መስመር ውስጥ “ኢኔብል ጂፒኤል” የሚል ካለ፣ ያለ እሱ እንደገና እስኪገነቡት ድረስ ሽያጩን ያቁሙ።