ቡችላው የልጆቹን እጅ ነካክሶ ጨረሰው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከወር በፊት ዘመድ ቤት የተወለደ ወንድ ቡችላ በአርባ ቀኑ አመጣን፤ አሁን አሥር ሳምንት ሆኖታል። ልጆቼ የ5 እና የ9 ዓመት ናቸው። አብረውት ሲጫወቱ እጃቸውን ይነክሳል፣ ሲሮጡ የሱሪያቸውን ጫፍ ይዞ ይጎትታል። ትናንት የትንሿን ጣት አደማት። ባለቤቴ አፍንጫውን ይመታዋል፤ እሱ ግን ይብስበታል። ጎረቤታችን ደግሞ «ተዪው፣ ሳይነክስ አድጎ ምን ሊጠብቅልሽ ነው?» ይላሉ። ምን ባደርግ ይሻላል? (ከገርጂ)

መልስ፦ በመጀመሪያ የልጅዎ ጣት። ደም ከወጣ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያክልም በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ዛሬውኑም ጤና ጣቢያ ትታይ። «ገና ቡችላ ነው» ማለት ከእብድ ውሻ በሽታ ዋስትና አይሆንም። ክትባቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ስለሆነ የእርስዎ ቡችላ ገና ሳይከተብ አይቀርም። እሱንም ከግቢ ሳያስወጡ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።

ወደ ጠባዩ ስንመጣ፣ ቡችላው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ትምህርቱን አቋርጦ ነው የመጣው። ቡችላ የንክሻውን ኃይል መመጠን የሚማረው ከወንድምና ከእህቶቹ ነው። አንዱ ሌላውን ጠበቅ አድርጎ ሲይዘው የተነከሰው ይጮህና ጥሎት ይሄዳል፤ ነካሹ ብቻውን ይቀራል። ለዚህ ቢያንስ እስከ ስምንት ሳምንቱ ከእናቱ ጋር መቆየት ነበረበት፤ እኛ ጋ ግን በሠላሳ በአርባ ቀን መውሰድ ተለምዷል። የቀረውን ማስጨረስ እንግዲህ የእናንተ ድርሻ ነው። መንገዱም ያው ነው፦ ጥርስ የሰው ገላ ላይ ካረፈ ጨዋታው ያበቃል።

ጥርሱ እጅዎ ላይ ሲያርፍ እጅዎን አይንጠቁ። የሚሸሽ ነገር ለቡችላ የሚባረር ነገር ነው፤ ቆዳ የሚቀደደውም ያን ጊዜ ነው። እጅዎን ዘና አድርገው ባለበት ያቁሙት፣ ሳይጮኹ «በቃ» ይበሉ፣ ሲለቅዎት ተነስተው ጀርባዎን ይስጡት። ከ10 እስከ 20 ሰከንድ አይዩት፣ አያናግሩት። ሲረጋጋ ጨዋታውን ይቀጥሉ፤ አሁን ግን በእጅ ሳይሆን በመጫወቻ። ተከትሎ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ከመጣ እርስዎ ወጥተው በሩን ይዝጉበት። 30 ሰከንድ ይበቃል፤ አምስት ደቂቃ ከቆዩ ለምን እንደወጡ ረስቶታል። እሱን አንጠልጥሎ ማስወጣት አይሠራም፤ ማሳደዱና መያዙ ራሱ ሌላ ጨዋታ ይሆንለታል። እንደ ቡችላ «እይይ!» ብላችሁ ጩኹ የሚሉም አሉ። አንዳንዱን ያስቆመዋል፣ ሌላውን ያሰክረዋል። ሁለት ሦስቴ ሞክረው ካልሆነ ይተዉት።

በመጀመሪያው ሳምንት ጨዋታ የሚያቋርጡት ለሚያም ንክሻ ብቻ ይሁን፣ ቀጥሎ ለቀላሉም፣ በመጨረሻ ጥርስ በነካዎት ቁጥር። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከከለከሉት የአፉን ኃይል ሳይመጥን ያድጋል፤ አንድ ቀን ጭራው ተረግጦ ደንግጦ ቢነክስ በሙሉ ኃይሉ ይሆናል።

መጫወቻ መግዛት የግድ አይደለም። አሮጌ ቲሸርት ሦስት ቦታ ቀደው እንደ ሹሩባ ይጎንጉኑትና ጫፍና ጫፉን አጥብቀው ይቋጥሩ። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ካጠረ ጥርሱ እጅ ላይ ይደርሳል። መሬት ለመሬት ይጎትቱለት እንጂ ወደ ላይ አያንጠልጥሉት፣ አንገቱን ይጎዳዋል። ድዱን ሲያሳክከው ያንኑ ጨርቅ አርጥበው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡና ሲቀዘቅዝ ይስጡት። ክር እየመዘዘ መዋጥ ከጀመረ ይጣል። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥም። አሮጌ ጫማም አይስጡት፤ አሮጌውን ከአዲሱ የሚለይበት ነገር የለውም።

የሚነክስበትን ሰዓትም ልብ ይበሉ። ብዙ ቡችላ የሚያብደው አመሻሽ ላይ፣ ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ልጆች ቤት ገብተው ግርግር ሲሆን ነው። በዚህ ዕድሜ በቀን 18 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት፤ ካልተኛ እንደ ደከመው ሕፃን ይነጫነጫል፣ የእሱ መነጫነጭ ደግሞ በጥርስ ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ጥግ ነው። ጨዋታው አምስት አምስት ደቂቃ እየሆነ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይበቃዋል።

ለልጆቹ አንድ ነገር ያስተምሯቸው፦ ሲነክስ አይሮጡ፣ አይጩኹ፤ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከተው እንደ ግንድ ይቁሙ። የአምስት ዓመቷ ግን አዋቂ በሌለበት ከቡችላው ጋር ብቻዋን አትተው።

ባለቤትዎ አፍንጫውን ሲመቱት ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ኃይለኛ ልፊያ ይመስለውና ይበረታል፤ ወይም እጅ መፍራት ይጀምራል፣ እጅ የፈራ ውሻ ደግሞ ሊዳብሰው የመጣውን የልጅ እጅም ይነክሳል። አፉን ጨምቆ መያዝም ያው ነው። እርስዎ ጨዋታ ሲያቆሙ እሳቸው የሚያላፉት ከሆነም ቡችላው የሚማረው ሰው መምረጥን ብቻ ነው፤ ሠራተኛዋም ዘበኛውም አንድ ዓይነት ያድርጉ።

በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሊብስበት ይችላል፤ የለመደው ሲቀርበት አጥብቆ ስለሚሞክር ነውና አይተዉት። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆነው ይለሰልሳል። አራት ወር ገደማ 28ቱ የወተት ጥርሶች መርገፍ ሲጀምሩ ደግሞ ማኘኩ ይመለሳል፤ ምንጣፍ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጥርስ ቢያገኙ አይደንግጡ። በሰባት ወሩ 42ቱ ቋሚ ጥርሶች ተሟልተው ያርፋል።

ለጎረቤትዎ፦ ውሻ ቤት የሚጠብቀው በጩኸቱ ነው፣ እሱም ሲጎለምስ በራሱ ይመጣል። የቤቱን ልጆች እየነከሰ ያደገ መጨረሻው ሰንሰለት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ውሻው አምልጦ እንኳ ሰው ቢጎዳ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ቡችላዬ ሲበላ ስቀርበው ደርቆ ይቆምና ያጉረመርማል። ይህም ጨዋታ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይደለም። የሚጫወት ቡችላ ሰውነቱ ልል ነው፣ ፊቱን መሬት አስነክቶ ቂጡን ያነሳል። ደርቆ መቆም፣ ዓይን መትከል፣ ከንፈር መሰብሰብ «ራቁኝ» ማለት ነው። ሳህኑን አይንጠቁት፣ ስላጉረመረመም አይቅጡት፤ ማስጠንቀቂያውን ካጠፉበት ሌላ ቀን ሳያጉረመርም ይነክሳል። ከሁለት ሜትር ርቀት ከምግቡ የተሻለ ነገር፣ ለምሳሌ ቁራጭ ሥጋ፣ ወርወር እያደረጉለት ይለፉ። ዘና ሲል በየጥቂት ቀኑ ግማሽ እርምጃ ይቅረቡ። በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላዩ ወይም ጥርሱን ካሳረፈብዎ የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ የጥርስ ወይም የሆድ ሕመምም እንዲህ ያደርጋል።