«ልብ በል» ሲሉት «ልብ» ያለው ልጅ

ልጆቼ፣

«ኦቲዝም ስላለበት ልጅ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የምትሉኝ በዝታችኋል። እኔ ከጥፋቴ ልጀምርላችሁ።

የመጀመሪያው ታሪኬ ላይ የማይናገር ልጅ ነበረ። መጨረሻው ገጽ ላይ «እማዬ» አለ። አንባቢ አለቀሰ፣ እኔም ስጽፈው አልቅሻለሁ። አንዲት እናት ግን አንብባ «ጋሼ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ የኔ ልጅ ነበር። እዚያ ላይ ወሰዱትና ሌላ ልጅ ሰጡኝ» አለችኝ።

እኛ ስናድግ እንዲህ ያለ ልጅ ጓዳ ነበር የሚውለው። እንግዳ ሲመጣ በር ይዘጋበታል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በልጃቸው ምክንያት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። እናንተ የእኛ ሰበብ የላችሁም። ሂዱ፣ ወላጅ ጠይቁ፣ ልጁ አጠገብ ቁጭ በሉ።

ቁጭ ስትሉ ደግሞ ጆሯችሁ ይሥራ። መምህሯ «ልብ በል!» ስትለው «ልብ» ያለ ልጅ አውቃለሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አሾፈብኝ ብላ አስወጣችው። ልጁ እኮ በል የተባለውን ነው ያለው! ይህንን ከሚስቁት ልጆች በኩል ብትጽፉት ቀልድ ይሆናል። ከልጁ ወንበር ብትጽፉት ግን ግራ የሚያጋባው የኛው አማርኛ ነው።

ሌላው ሻይ ሲያምረው «ሻይ ትፈልጋለህ?» ይላል። ሻይ የሚመጣው ሁልጊዜ ይህ ከተባለ በኋላ ነዋ። እንዳለ ስጽፈው አርታኢው «እፈልጋለሁ» ብሎ አረመው። መለስኩት። ደግሞ አረመው። ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን፤ አላስነካሁም።

ሁሉንም የሒሳብ ሊቅ የማድረግ አባዜም አለ። ተዉት። ቆርኪ መደርደር የሚወድ ልጅ ቆርኪውን ይደርድር፣ በቃ።

ያን የመጀመሪያ ታሪክ ከዓመታት በኋላ እንደገና ጻፍኩት። አሁን ልጁ መጨረሻ ላይ አይናገርም። ሻዩን ይጠጣል። ለዚያችው እናት ወስጄ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ቀና አለችና «ጋሼ፣ ኩባያው ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ። የእሷ ልጅ ለካ ከሰማያዊው ኩባያ በቀር አይጠጣም። እዚያው ቁጭ ብዬ «ሰማያዊ» የምትለዋን ቃል ጨመርኩ።