ጾሜ ካላዳነኝ ለምን እጾማለሁ? ስለ እምነት፣ ጸጋና ምግባር

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። በዓረብ ሀገር ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። አልጋ ላይ የቀሩትን የአሠሪዬን እናት የማነሣቸው፣ የማጥባቸውና የማበላቸው እኔ ነኝ፤ ወጥ ቤቱም በእኔ ላይ ነው። በዐቢይ ጾም ሥጋ እሠራለሁ፤ ጨው በዛ ወይም አነሰ ከተባለ ቁጣው አይጣል ነው፤ ስለዚህ እቀምሳለሁ። ቅዳሴ ካስቀደስሁ ዓመት አልፎኛል። ዕረፍት ሲሰጠኝ የማገኛት አንዲት የሀገሬ ልጅ አለች፤ ፕሮቴስታንት ናት። «ጾምሽም ስግደትሽም ከንቱ ድካም ነው፤ ሰው የሚድነው በጸጋ ነው፤ ኤፌሶን 2፥8ን አንብቢ» ትለኛለች። አነበብሁት፤ እውነትም እንደዚያ ይላል። አሁን በሁለት በኩል ተጨነቅሁ። እሷ ልክ ከሆነች እስከ ዛሬ የጾምሁት ምን ሊሆን ነው? እሷ ከተሳሳተች ደግሞ እኔ እንደ ቀድሞው መጾም አልቻልሁም፤ ልጠፋ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ሁለቱም ጭንቀቶችሽ ከአንድ ሐሳብ የተነሡ ይመስለኛል። ጾምን ለመንግሥተ ሰማያት የሚከፈል ገንዘብ አድርገሽ ይዘሽዋል። ገንዘብ ከሆነ፣ «ቀድሞ ተከፍሏል» ስትባዪ እስከ ዛሬ ያወጣሽው ባከነ፤ «መክፈል አለብሽ» ስትባዪ ደግሞ ኪስሽ ባዶ ሆነ። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ጾምን እንደዚህ አድርጋ አላስተማረችም።

ጓደኛሽ የጠቀሰችልሽ ቃል የእኛም መጽሐፍ ነው። «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም።» ከዚህ ላይ አንዲት ቃል አንቀንስም። ጌታ ሰው የሆነው እኛ ስለ ጾምን አይደለም፤ የተሰቀለልንም ስግደታችንን ቆጥሮ አይደለም። ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞተ። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ ሳትሄጂ የራስሽን ጥምቀት አስቢ። ሴት ልጅ ነሽና በ80 ቀንሽ ነው የተጠመቅሽው፤ ወንድ ቢሆን በ40 ቀኑ። በዚያ ዕድሜ ምን ጾም ጾመሻል? የትኛውን ድኻ አብልተሻል? ስምሽን እንኳ አታውቂውም ነበር። ካህኑ ግን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠመቀሽ፤ በሜሮን አተመሽ፤ በዚያው ዕለት ሥጋውንና ደሙን አቀበለሽ። ክርስትና ተነሺዋ በእናት እቅፍ ሆና እያለቀሰች የእግዚአብሔር ልጅ ትሆናለች። ጸጋ ከሥራ እንደሚቀድም ከዚህ በላይ በግልጽ የሚያስተምር ሥርዓት የት ይገኛል? እውነቱን ለመናገር «ኦርቶዶክሶች በሥራችን እንድናለን ይላሉ» የሚለን ሰው አንድ የሕፃን ጥምቀት ቆሞ ቢያይ ይበቃው ነበር እላለሁ።

ኤፌሶንን ስታነቢ ግን ቁጥር 9 ላይ አትቁሚ። ቁጥር 10 ወዲያው ተከትሎ እንዲህ ይላል፦ «እኛ ፍጥረቱ ነንና፤ እንመላለስበት ዘንድ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን።» አየሽ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ በአንድ ትንፋሽ ነው ሁለቱን የተናገረው። በሥራ አልዳንሽም፤ ለሥራ ግን ድነሻል። ሥራውንም ቢሆን አስቀድሞ ያዘጋጀው እርሱ ነው።

ታዲያ ቅዱስ ያዕቆብ «ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ታያላችሁ» ማለቱ ከጳውሎስ ጋር አይጣላም ወይ ትይኝ ይሆናል። ሁለቱም ምስክር አድርገው የሚጠሩት አንድ ሰው ነው፤ አባታችን አብርሃምን። ጳውሎስ በሮሜ 4 ላይ የሚጠቅሰው በዘፍጥረት 15 ያለውን አብርሃም ነው፤ ልጅ የሌለው ሽማግሌ ወደ ሰማይ አሻቅቦ ከዋክብትን እያየ «ዘርህ እንደዚሁ ይሆናል» ሲባል አመነ፤ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት። ያዕቆብ የሚጠቅሰው በዘፍጥረት 22 ያለውን ነው፤ ያው ሰው፣ ያ የተስፋው ልጅ ተወልዶ ካደገ በኋላ፣ እንጨቱን አሸክሞት ወደ ተራራው ሲወጣ። በመካከሉ ብዙ ዓመት አለ። በከዋክብቱ ሥር ያመነው እምነት ሕያው መሆኑ በተራራው ላይ ታየ። ያዕቆብም «እምነት ከሥራው ጋር አብሮ ያደርግ እንደ ነበረ፥ በሥራም እምነት እንደ ተፈጸመ ትመለከታለህን?» ይላል። ጳውሎስ የሚከራከረው «እንደ ሙሴ ሥርዓት ካልተገረዛችሁ ልትድኑ አትችሉም» እያሉ ከአሕዛብ የመጡትን ምእመናን ያውኩ ከነበሩት ጋር ነው፤ ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ፍርድ የሰጡበትን ጉዳይ በሐዋርያት ሥራ 15 ታገኚዋለሽ። ያዕቆብ የሚወቅሰው ደግሞ የተራቆተውንና የዕለት ምግብ ያጣውን ወንድሙን «በደኅና ሂድ፤ እሳት ሙቅ፤ ጥገብ» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኘውን አማኝ ነው። ድውዩ ሁለት ዓይነት ስለሆነ መድኃኒቱም ሁለት ሆነ።

ዛሬ በመካከላችሁ የገባው «ጸጋ ወይስ ሥራ» የሚል ክርክር እንዲህ ተካሮ የመጣው ከአውሮፓ ነው። በ1517 እ.ኤ.አ. የፕሮቴስታንት እምነት መነሻ የሆነው መነኵሴ ማርቲን ሉተር በጀርመን ሀገር በዊተንበርግ የተነሣው፣ ምእመናን ገንዘብ ከፍለው ከኃጢአት ቅጣት የሚያቃልል ወረቀት ይገዙ ስለ ነበር ነው። መቆጣቱ አያስደንቅም። ነገር ግን ለዚያ በሽታ የተዘጋጀ ክርክር ተነሥቶ የረቡዕና የዓርብ ጾምን ሲመታ ዒላማውን ስቷል። የእኛ አባቶች እንዲህ ያለ ወረቀት አልሸጡም።

ይህን ስልሽ ግን የእኛንም ድካም መደበቅ አልፈልግም። «ይህን ያህል ሰገድሁ፣ ይህን ያህል ገዳም ተሳለምሁ» እያለ የሚቆጥር፣ የማይጾመውን ጎረቤቱን የሚንቅ በመካከላችን አለ። ጌታ ስለ እርሱ ተናግሮ ጨርሷል። በሉቃስ 18 ያለው ፈሪሳዊ ምን እንዳለ ታስታውሻለሽ፦ «በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ እጦማለሁ፥ ከማገኘውም ሁሉ አሥራት አወጣለሁ።» በሳምንት ሁለት ቀን! እኛም የምንጾመው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ይህን ምዕራፍ ባነበብሁ ቁጥር ስለ እኔ የተጻፈ ሆኖ ይሰማኛል። ጌታ ጾሙን አልነቀፈም፤ አሥራቱንም አልነቀፈም። ሰውየው ጸድቆ ያልተመለሰው የሚለምነው ነገር ስላልነበረው ነው። ቆሞ አመሰገነ፣ ሌላውን ናቀ፣ ሄደ። ቀራጩ ግን ደረቱን እየደቃ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» አለ። የቤተ ክርስቲያናችንም ጸሎት ከቀራጩ አፍ የተወሰደ ነው። በሰሙነ ሕማማት ምእመናን ከጠዋት እስከ ማታ እየሰገዱ የሚሉት «ይህን ያህል ሰግደናልና ክፈለን» አይደለም፤ «ኪርያላይሶን»፣ «እግዚኦ መሐረነ» ነው። የጾምና የስግደት ሳምንት የምሕረት ልመና ሳምንትም ነው። ጉልበት የሚዝለው፣ ላብ የሚወርደው፣ አንደበት ግን «ማረን» ብቻ የሚለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጾም ምንድን ነው? በጸጋ የተቀበልሽውን ልጅነት በሥጋሽም ጭምር መኖር ነው። ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ፣ የምግብ ፍላጎት ጌታ እንዳይሆንብሽ፣ ከጾሙ የተረፈው ለተራበ እንዲደርስ አባቶች ሠሩልን። ቅዱስ ጳውሎስ ይህን ስለ ራሱ ሲናገር እንዲህ አለ፦ «ለእኔም የተሰጠኝ ጸጋው ከንቱ አልነበረም፤ ከሁላቸው ይልቅ ግን ደከምሁ፥ ዳሩ ግን ከእኔ ጋር ያለው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።» (1 ቆሮ. 15፥10) ደከምሁ ይላል፤ እኔ አይደለሁም ይላል። ስለዚህ የእስከ ዛሬ ጾምሽ ምን ሊሆን ነው ላልሽው፣ በክርስቶስ ፍቅር የጾምሽው አንድም ቀን አልባከነም፤ እርሱ ራሱ በአንቺ ሲሠራ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጭንቀትሽ ልምጣ፤ እንደ ቀድሞው መጾም ስላልቻልሽበት ሁኔታ። በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ አስቢ። አንድ ቀን ለመጾም ዕድሜ አልነበረውም፤ እጅና እግሩም ተቸንክሯል፤ ለማንም መመጽወት አይችልም። የቀረችለት አንደበቱ ብቻ ናት። በእርስዋም የሚቻለውን ሁሉ አደረገ፤ ጓደኛውን «እግዚአብሔርን ከቶ አትፈራውምን?» ብሎ ገሠጸ፣ የራሱን በደል አመነ፣ ጌታ ምንም ክፋት እንዳላደረገ መሰከረ፣ «በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ» ብሎ ለመነ። እኛም በስቅለት ዕለት ቃሉን ወስደን «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» እያልን እንዘምረዋለን። እግዚአብሔር ከእያንዳንዱ የሚሻው ከተሰጠው ውስጥ ነው። በሌለሽ አትጠየቂም።

አንድ ነገር ግን በጥያቄሽ ውስጥ ሳትቆጥሪው አልፈሻል። አልጋ ላይ የቀሩ እናት እንደምታነሺ፣ እንደምታጥቢና እንደምታበዪ ጽፈሽልኛል፤ የጻፍሽው ግን ለምን እንዳልጾምሽ ለማስረዳት ያህል ነው። እኅቴ፣ እሱ እኮ ራሱ ምግባር ነው! «ደመወዝ እየተከፈለኝ ነው» ትይ ይሆናል። ሐዋርያው በቈላስይስ 3 የሚናገረው በሰው ቤት ለሚያገለግሉ ባሪያዎች ነበር፤ ለእነርሱም «ለጌታ እንጂ ለሰው እንደማታደርጉ፥ የምታደርጉትን ሁሉ በትጋት አድርጉት፤ የምታገለግሉት ጌታ ክርስቶስ ነውና» አላቸው። የሚከፈልሽ ለሰዓቱና ለጉልበቱ ነው። ውኃው እንዳያቃጥላቸው በክንድሽ መለካትሽ፣ ሲያጠቧቸው እንዳያፍሩ በፎጣ መሸፈንሽ፣ ሌሊት ሲጠሩሽ ሳታጉረመርሚ መነሣትሽ በውል ወረቀቱ ላይ የለም። ሃይማኖታቸው ከአንቺ ቢለይም ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ሲያነሣ ሃይማኖቱን አልጠየቀም። በማቴዎስ 25 ጌታ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ሲላቸው ጻድቃኑ «ጌታ ሆይ፥ ታመህ መቼ አየንህ?» ብለው ይደነግጣሉ። አልቆጠሩትም ነበርና። አንቺም እንደማትቆጥሪው አይቻለሁ፤ ይህን በማየቴም እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ስለ ጨዉ፦ ለሥራሽ ግድ ሆኖብሽ በምላስሽ ብትቀምሺ፣ ከተቻለም ብትተፊው፣ ተርበሽ ሥጋ እንደ በላሽ አድርገሽ ራስሽን አትኰንኚ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ጾምን የምታቀልለው በንስሐ አባት በኩል ነውና የአንቺም ጉዳይ የሚወሰነው በእርሳቸው ነው። ሀገር ቤት ላሉት የንስሐ አባትሽ ደውዪላቸው፤ የሥራ ሰዓትሽን፣ የሚሰጡሽን ምግብ፣ አቅምሽን ሳታሳንሺ ንገሪያቸው። ይህን ያህል ጹሚ ካሉሽ ያንን ጹሚ፤ ከዚያ በላይ ለራስሽ ሸክም አትጨምሪ፤ ከዚያ በታችም አትስነፊ። ማዕድ ቤት ቆመሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለትን የሚከለክልሽ የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ዓመት ሙሉ ከቅዳሴና ከቅዱስ ቁርባን መራቅሽ ነው። ጸጋ በሐሳብ ብቻ የሚታሰብ ነገር አይደለም፤ «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው» ብሏልና። ባለሽበት ከተማ ወይም በአቅራቢያው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ወይም ምእመናን የሚሰበሰቡበት ጽዋ ማኅበር እንዳለ አጠያይቂ። የግብጽ ኦርቶዶክሳውያን ቤተ ክርስቲያን ካለም በሃይማኖት አንድ ነንና የንስሐ አባትሽን ጠይቀሽ ሂጂ። የሚቀጥለው የዕረፍት ቀንሽ ለዚህ ይዋል።

ጓደኛሽን በተመለከተ፣ ክርክሩን ተዪው። በሰው ሀገር አንቺን የምትጠይቅሽ እኅትሽ ናት። ስትገናኙ ኤፌሶን 2ን ከቁጥር 1 እስከ 10 አብራችሁ አንብቡ፤ 10ኛውን ቁጥር እሷ ታንብበው። ከዚያም ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።