ሰላጣ በሃይላንድ

ያለ አፈር ስለማብቀል (ሃይድሮፖኒክስ ስለሚሉት) ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። ጥቂቶቹን ልመልስ።

«ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። መብራት ይጠፋል፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ያለ ፓምፕ ይሆናል?» ከሰሚት

ይሆናል። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቀው ዘዴ ፓምፕም መብራትም አይፈልግም። ባለ 5 ሊትር የውሃ ጠርሙስ ይያዙ። ባለ 2 ሊትሩ ሃይላንድ ለአንድ ሰላጣ ያንሳል። ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ ይሙሉና ችግኟን በስፖንጅ ጠቅልለው አፉ ላይ ይሰኩ፤ የስፖንጁ ታች ውሃውን ይንካ። ጠርሙሱን በጥቁር ላስቲክ ይሸፍኑት፣ ብርሃን ከገባ አልጌ ይወረዋል። ከዚያ ፀሐይ ያለበት በረንዳ ላይ ይተዉት። ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ይበላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሰላጣዋ ስትጠጣ ውሃው ይወርዳል፣ ከላይ ክፍተት ይፈጠራል። እዚያ ያሉት ሥሮች የሚተነፍሱት ከዚያ አየር ነው። ውሃ ቀነሰ ብለው እንደገና እስከ አፉ ከሞሉት ይታፈናሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አራት ሰላጣዎች የገደልኳቸው እንዲህ ነው፣ በደግነት። መጨመር የግድ ከሆነ ከግማሽ አይለፍ።

«ወንድሜ ገበሬ ነው፣ ዩሪያና ኤንፒኤስ አለው። እሱን ብበጠብጥስ?» ከደብረ ብርሃን

ተይው እህቴ። ዩሪያን ሥር በቀላሉ እንዲወስደው የሚያደርጉት አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ እነሱን ከየት ታመጫለሽ? ኤንፒኤስ ደግሞ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ብቻ ነው። ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ብረት የሚያዋጣው አፈሩ ነበር። አሁን አፈሩ የለም፣ ሁሉንም የምታቀርቢው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ለሃይድሮፖኒክስ የተዘጋጀውን ፈልጊ። ብዙ ጊዜ «ኤ» እና «ቢ» ተብሎ ለየብቻ ይሸጣል። ሁለቱን ሳታቀጥኚ አንድ ላይ አታገናኚ፤ ካልሲየሙ ከሰልፌትና ከፎስፌት ጋር ተያይዞ እንደ ጠመኔ ይዘቅጣል። መጀመሪያ «ኤ»ን ብዙ ውሃ ውስጥ አማስዪ፣ ከዚያ «ቢ»ን ጨምሪ። ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ5.5 እስከ 6.5 ይሁን። ከ7 ካለፈ ሥሩ ብረት መውሰድ ያቅተዋል፣ ለጋ ቅጠሎቹ ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ይሆናል። ሎሚ ያወርደዋል፣ ግን ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይወጣል።

«ሥሩ ቡናማ ሆነ፣ ይሸታል። ትንኝም አፈራሁ!» ከድሬዳዋ

ጤነኛ ሥር ነጭ ነው። ያንተን የገደለው ሙቀቱ ይመስለኛል። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ አበስባሹ ሻጋታ ደግሞ ይመቸዋል። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ጥሩ ነው፣ ከ25 በላይ ግን ችግር ይጀምራል። ያን ሰላጣ ጣለው፣ ጠርሙሱን በበረኪና እጠብ። ቀጣዩን ጥላ ውስጥ አድርግና እርጥብ ጆንያ ጠቅልልበት። የከተማህ አየር ደረቅ ስለሆነ ያቀዘቅዘዋል።

ትንኟን አትናቃት። ድሬዳዋን ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስቸገረውን ደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ እንዲህ ያለ የታቆረ ውሃ ትወዳለች። አፉን ግጥም አድርገህ ድፈን።

«ጠጠር ላይ መትከል ይቻላል?» ከቢሾፍቱ

የሬድ አሽ (የቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) አገር ተቀምጠህ! ደቃቁን በወንፊት አውጣ፣ ውሃው እስኪጠራ እጠበው። ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ውሃም አየርም ይይዛል። ደቃቅ አሸዋ ግን ይታፈጋል።

«በክረምት ቤት ውስጥ ጤና አዳም በውሃ ማብቀል አማረኝ።» ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና አዳም እግሩ ሲርስ አይወድም፣ እሱን በአፈር ማሰሮ ያኑሩት። በሶብላ ይሞክሩ። የኤልኢዲ መብራት በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያብሩለት እንጂ ውሃ ውስጥ ደስ ብሎት ያድጋል።

«ጤፍስ?» ከጎጃም በረንዳ

ይበቅላል እንጂ! ግን ለአንድ እንጀራ የሚሆነውን ጤፍ ለማግኘት ሳሎንህንም መኝታ ቤትህንም ጠርሙስ ትሞላለህ። ሚስትህን ጠይቃትና ጻፍልኝ።