ኤምአርአይ «በቀለም» ታዘዘልኝ፤ መርፌው አከርካሪዬ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የወገብ ዲስክ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ደህና ሆኜ ቆይቼ አሁን ሕመሙ ተመልሶ ወደ ግራ እግሬ ይወርዳል። ኤምአርአይ በኮንትራስት ታዘዘልኝ። ጎረቤቴ ግን «ቀለሙን አከርካሪሽ ውስጥ ነው የሚወጉሽ፤ ሽባ ያደርጋል፣ ኩላሊትም ይጨርሳል» አለችኝ። ስኳር አለብኝ፣ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጎረቤትዎ ከሜዳ ተነስተው አላወሩም። ሁለት የተለያዩ ምርመራዎችን ግን አደባልቀዋል።

ለእርስዎ የታዘዘው መርፌ ክንድ ላይ ነው፣ ልክ ግሉኮስ እንደሚሰጥበት። ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት ነው። ቀለም እንለዋለን እንጂ ቀለም የለውም፤ እንደ ውሃ ኩልል ያለ ነው። ሽንትዎም አይቀየርም። መጠኑ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። መጀመሪያ ያለ መድኃኒት ያነሱዎታል። ከዚያ ይወጉና እንደገና ጥቂት ደቂቃ ያነሱዎታል። ክንድዎ ላይ ቀዝቀዝ ይላል፣ አንዳንዱን ሰው ትንሽ ያቅለሸልሸዋል። አለርጂ የሚነሳበት ሰው ጥቂት ነው፤ ከዚህ በፊት ተነስቶብዎት ከሆነ ግን ሳይወጉ ይናገሩ።

ለምን አስፈለገ? ቀዶ ሕክምና የተደረገበት ቦታ ጠባሳ ያበጃል። ያለ መድኃኒቱ ጠባሳውና እንደገና የወጣ ዲስክ ይመሳሰላሉ። ጠባሳ የደም ስር ስላለው መድኃኒቱን ይጠጣና ያበራል። ዲስክ ግን እንደጠቆረ ይቀራል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ዲስክ ከሆነ ሊወጣ ይችላል፣ ጠባሳን በቀዶ ሕክምና መነካካት ግን ብዙ ጊዜ ትርፉ ድካም ነው። የአከርካሪ ቲቢ፣ ሌላ ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ ሲጠረጠርም ያስፈልጋል። ቀዶ ሕክምና ላልተደረገለትና ተራ የዲስክ መንሸራተት ለተጠረጠረበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። እንዲሁ በልማድ ሲታዘዝ አያለሁ፤ እኔ አልወደውም። ገንዘቡም ቀላል አይደለም።

ጎረቤትዎ የሰሙት ማየሎግራም የሚባለውን ነው። እዚያ ላይ እውነትም መርፌው ወገብ ላይ ይገባል፤ አዮዲን ያለበት መድኃኒት ነርቮቹ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ተሰጥቶ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ይታያል። ዛሬ በብዛት የሚደረገው ኤምአርአይ ውስጥ መግባት ለማይችሉ ሰዎች ነው፤ ለምሳሌ አንዳንድ ዓይነት የልብ ምት ማስተካከያ ለተተከለላቸው። ብዙ ጊዜ መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው፤ እዚያ ያሉት እንደ ፈረስ ጭራ የተበተኑ ነርቮች ናቸው። ፍርሃቱ ግን ምክንያት አለው። ከ1940ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዘይት መሰል መድኃኒት ነበር የሚሰጠው። እሱ ከሰውነት አይወጣም፤ አንዳንዶች ላይ የነርቮቹን ሽፋን አስቆጥቶ ዘላቂ ሕመም ጥሏል። የዛሬው በውሃ የሚሟሟ ነው፣ በሽንት ይወጣል። የተለመደው ጣጣው ቁጭ ሲሉ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚሻል ራስ ምታት ነው።

ወደ ኩላሊት እንምጣ። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ጋዶሊኒየም ቆዳን ከሚያደነድን ከባድ በሽታ ጋር መያያዙ ታወቀ። የተጠቁት ኩላሊታቸው በጣም የደከመ፣ በተለይ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። በአዲሶቹ ዓይነቶች አደጋው እጅግ ትንሽ ነው። ስኳር ስላለብዎት ግን አስቀድመው ክሬቲኒን፣ ማለትም የኩላሊትን አቅም የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ይመርመሩ። ውጤቱን ሲቀበሉ «የኩላሊቴ የማጣራት አቅም ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከ30 በታች ከሆነ ሳይወጉ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። ሜትፎርሚኑን ለዚህ ምርመራ ብለው አያቋርጡ። «48 ሰዓት አቁሚ» የሚባለው በአዮዲን ለሚደረገው፣ ያውም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ነው።

የጾም ነገርም አለ። ማዕከሉ በባዶ ሆድ ይምጡ ካላለዎት የጾምም ቢሆን ቀምሰው ይሂዱ፤ ስኳር ያለበት ሰው ተርቦ ወረፋ ሲጠብቅ ሊያዞረው ይችላል።

አንዲት ታካሚዬ በር ላይ ማተቤን አልፈታም ብለው ከባለሙያው ጋር ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ለካ ችግሩ ክሩ ሳይሆን ክሩ ላይ ያለው የብረት መስቀል ነበር። መስቀሉን አወጡት፣ ማተቡ አንገታቸው ላይ እንዳለ ገቡ። ነጠላ ላይ ያለ መርፌ ቁልፍና የፀጉር ሽቦም እንዲሁ ይወጣል። ወገብዎ ላይ ብሎን ከተደረገልዎ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ይያዙ። የድሮውን ኤምአርአይ ሲዲም አይርሱ፤ አንባቢው ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ቀጠሮውን እየጠበቁ ሳለ ሽንት እምቢ ካለዎት፣ እግርዎ ከዛለ ወይም በጭንዎ መሃል ያለው ቦታ ከደነዘዘ ግን ወረፋውን ይተዉት። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።